ቃል ሥጋ ሳይለብስ

ዐሥር ጥቁር መስመር በቢጫ ጀርባሽ ላይ፣
እኔ ነኝ፣ ቦጉሚል፤ ዘነጋሽኝ ወይ?
ሰባ አራት ዓመት ነው አብረን ድንች ስንበላ፣
አንቺ ቅጠሉን ቀድመሽ፣ እኔ ሥሩን ኋላ።

ስምንት ዓመቴ ነበር በመጣሽ ሰሞን።
መምህርት ኤውፍሮዚና ማሳው ዳር አሰልፋን
ለየአንዳንዳችን ጠርሙስ አደለች፣ ከታቹ ላምባ፣
በጣት የተለቀመ ጥንዚዛ ሊሰጥም የሚገባ።
በክፍሉ ግድግዳ ሥዕል ነበረ፤ የአሜሪካ አውሮፕላን
ሆዱን ከፍቶ አንቺን ያዘንባል።
«ሲጥላት በዐይኑ ያየ አለ?» አለችን።
ሁሉም ጸጥ።
እኔ እጄን አወጣሁ።
አየሁ አልኩ፤ ሌሊት፣ በጨረቃ፣
ከቴኦፊል ጎተራ በላይ፣ መብራቱን አጥፍቶ።
ያየሁትስ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ቀይ እርሳስ ነበር፣
ለጎበዝ ልጅ የሚሰጠውን።

ከአፍ የወጣ አፋፍ።
ቃሌ ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ወረቀቱ ማኅተም ለበሰ፣
ማኅተሙ ቡትስ ጫማ አጥልቆ ቴኦፊል ደጅ ደረሰ።
ወንድሙ ከቺካጎ ሁለት ጊዜ ካልሲ ልኮለት ነበር፤
ካልሲው ማስረጃ ሆነ።
ሦስት ዓመት። ሲመለስ ግማሽ ጥርሱ የለም።
ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኝ ነበር፣ እኔን፣ ልጁን፤
ዐውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲያ ስንቱን ረጨንብሽ!
ነጩን ዱቄት፣ ሰማያዊውን፣ የሚያስነጥሰውን፣ ሽታ የሌለውን።
ንቦቹ አለቁ፤ በናሬቭ ዳር የእንቁራሪቱ ድምፅ ጠፋ።
አባቴን ሳል ወሰደው።
አንቺ ለመድሽው። ልጅሽ ደግሞ ከአንቺ ባሰች።

ዘንድሮ ዳግማራ መጣች፣ የቴኦፊል የልጅ ልጅ ልጅ፣
ከፖዝናን፣ ከቤተ ሙከራዋ፣ ጀሪካን አንጠልጥላ።
አሸተትኩት፤ ውሃ ነው።
«ደብዳቤ በለው፣ አባባ» አለችኝ፣
በድንች ጆንያ ላይም በከሰል ሣለችልኝ።

ገላሽ ውስጥ ጠራጊ አለ፣ ያረጀውን የሚለቅም፣
ያላንዳች ዕረፍት የሚሠራ፣ ስሙን የሚጠራው የለም።
ጠራጊው እንዲሠራ ከዋናው መዝገብ ትእዛዝ ይቀዳል፣
አር ኤን ኤ የሚሉት መልእክተኛ ተሸክሞት ይሄዳል።
እዚህ ጀሪካን ውስጥ ያው ትእዛዝ አለ፣ ግን ድርብ፣
ከገዛ ጥላው ጋር የተገመደ ክር።
ከቅጠሉ ጋር ትበይዋለሽ። ሆድሽ ገልጦ ያየዋል፣
«ድርብማ የጠላት ነው» ብሎ ይቆራርጠዋል፤
ከዚያ ቁራጩን ይዞ፣ የተፈላጊ ፎቶ እንደያዘ ፖሊስ፣
ያንን ቃል የተሸከመ መልእክተኛ ባገኘ ቁጥር፣ ቅርጥፍ።
የገዛ ዘበኛሽ፣ የገዛ ቃልሽን።

«ንቧስ?» አልኳት። «ቃሉ የእሷ አይደለም፤
ብትቀምሰውም ባዕድ ነው። ለማንኛውም ገና እየሞከርን ነው።»

በሦስተኛው ቀን ማሳው ውስጥ ተንበረከክሁ።
አልሞትሽም። መብላት ትተሻል።
ቅጠል ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጥራጊ ቤቷን እንደሞላባት ሴት፣
የረሳሽውን ነገር የምትፈልጊ ትመስያለሽ።
በስድስተኛው ቀን ወደቅሽ።
ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል፤ ድንቼ ለምልሟል።
ይሄንንም አንድ ቀን ትለምጂው ይሆናል።

ግን ሲመሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ያንን ክፍል አስባለሁ፤
በአንደበቴና በወረቀቱ መካከል
አንዲት ትንሽ መቀስ ብትኖር፣
ቃሌ ማኅተም ሳይለብስ፣ ጫማ ሳያጠልቅ፣
ሥጋ ሳይሆን።

«የተሠራውንስ ይቆርጣል?» አልኳት ስትሰናበተኝ።
ሳቀች። «አይ አባባ፣ ትእዛዙን ብቻ ነው።
አንዴ የተሠራው ተሠርቷል፤
እስኪያረጅ ይጠበቃል።»

ዐይኗን ላለማየት ባዶውን ጀሪካን ተቀበልኳት፣
እስከ መኪናዋ ድረስ ይዤ ሸኘኋት።
ባርኔጣዬን አነሣሁላት።